ወደብ ያጡ መርከበኞች

ውትድርናዬን ያደረግሁት በባሕር ኃይል ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መርከብ ላይ የነበርኩ ይመስለዋል። እኔ ግን ሐይፋ ውስጥ፣ መስኮቱ እንኳ ወደ ባሕር በማያሳይ ቢሮ፣ ወረቀት ሳገላብጥ ነው የከረምኩት። አንድ ቀን ምሳ ላይ አብሮኝ የሚያገለግል ልጅ "ኢትዮጵያ ውስጥ ባሕር አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። "የለም፣ ተራራ ነው" አልኩት። እሱም አመነኝ፣ እኔም ያወቅሁ መሰለኝ።

በሻባት ወደ ቤት ስመጣ ነገሩን ለአባቴ አጫወትኩት። አባቴ ሳህኑን ገፋ አደረገና "ማነው የለም ያለው? የጦር መርከብ ነበረን እኮ! ንጉሡ ራሳቸው የሚሳፈሩበት። የባሕር ኃይል ልጆች ነጭ ለብሰው ከተማ ሲመጡ ሰው ሁሉ ዞሮ ነበር የሚያያቸው" አለኝ። እንግዲህ አባቴ ስለ ኢትዮጵያ ሲያወራ ብዙ ጊዜ ስለ ከብትና ስለ ገብስ ነው። ስለ መርከብ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለዘንድሮው መጽሔት ጽሑፍ አምጡ ስንባል ትዝ ያለኝ ይሄው ነው።

እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወላጆቻችን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እየቀነሱ ያንብቡልኝ።

ነገሩ ከሩቅ ነው የሚጀምረው። በአክሱም ዘመን ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለችው አዱሊስ ትልቅ ወደብ ነበረች፤ የዝሆን ጥርስ በእርሷ በኩል ይወጣ ነበር። በ525 ገደማ አፄ ካሌብ ጦራቸውን በመርከብ አሳፍረው ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ገብተዋል። እዚያ የወጉት ማንን እንደሆነ ሳነብ ደነገጥኩ። የሂምያርን ንጉሥ ዮሴፍን ነው፣ ዐረቦች ዙ ኑዋስ የሚሉትን፣ የአይሁድን ሃይማኖት የተቀበለ ንጉሥ። ለአባቴ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና "እኛ ታዲያ ያን ጊዜ ከየትኛው ወገን ነን?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ባሕሩ እየራቀ ሄደ። የባሕሩን ዳር የሚያስተዳድረው ሹም "ባሕር ነጋሽ" ይባል ነበር፤ ስሙ ከባሕሩ ይልቅ ቆየ ማለት ይቻላል። በ1557 ቱርኮች ምጽዋን ያዙ። በ1885 ጣሊያኖች ያዟት። ከአድዋ ድል በኋላም ኤርትራ በጣሊያን እጅ ቀረች። ኢትዮጵያ ባሕር ያገኘችው በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ከእርሷ ጋር ስትቀላቀል ነው። በነገራችን ላይ ስለዚህ ፌዴሬሽንና በ1962 ስለ መፍረሱ ኤርትራውያን የሚሉት ሌላ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ጦርነት የተካሄደውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የምጽፈው ስለ መርከበኞቹ ቢሆንም ይህን ሳያውቁ የእነርሱን ታሪክ ማንበብ አይቻልም።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተመሠረተው በ1955 ነው። በ1956 የባሕር ኃይል ኮሌጅ ተከፈተ። በ1958 ባሕር ኃይሉ እንደ ምድር ጦርና እንደ አየር ኃይል ራሱን የቻለ ክፍል ሆነ። አስተማሪዎቹ አብዛኞቹ ኖርዌጂያን መኮንኖች ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ እንግሊዞችም ነበሩበት። አስቡት፣ ከበረዶ አገር የመጣ ኖርዌጂያዊ ከደጋ የመጣ ኢትዮጵያዊ ወጣትን ምጽዋ ላይ ባሕር ያስተምራል። ምጽዋ ደግሞ በዓለም ላይ በጣም ከሚሞቁ ከተሞች አንዷ ናት፤ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሁለቱም ሳይቀልጡ እንዴት እንደ ቻሉት ይገርመኛል። መኮንን ለመሆን አራት ዓመት ከምናምን ይፈጅ ነበር። የተመረጡት ደግሞ ጣሊያን አገር ሊቮርኖና አሜሪካ አናፖሊስ ድረስ ተልከው ተምረዋል።

አሁን አባቴ ወዳነሳት መርከብ ልምጣ፤ እኔ ከሁሉ የወደድኩት የእርሷን ታሪክ ነው። ስሟ "ኢትዮጵያ" ነበር፣ የጎን ቁጥሯ A-01። የተወለደችው ግን አሜሪካ ነው። በ1942 ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ተሠርታ ውኃ ላይ ወረደች፤ በጥር 1944 አገልግሎት ጀመረች። የያኔ ስሟ "ኦርካ" ነበር፤ ኦርካ ጥቁርና ነጭ የሆነ ትልቅ የባሕር አውሬ ነው። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነበር። ሥራዋ በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መንከባከብ፣ ነዳጅ መስጠት፣ መጠገን፣ አብራሪዎቹን ማብላትና ማሳደር ነበር፤ የአውሮፕላኖች እናት በሉት። በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ በኩል ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት ውስጥ አለፈች፤ ራሳቸውን ከነአውሮፕላናቸው በመርከብ ላይ ከሚጥሉት የጃፓን አብራሪዎች ተርፋለች። በ1946 ቢኪኒ በሚባለው ደሴት አሜሪካ የአቶም ቦምብ ስትሞክርም እዚያ ነበረች።

በ1960 ከአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎት ወጣች። በጥር 1962 ለኢትዮጵያ በውሰት ተሰጠች፣ ስሟም ተቀየረ። አዎ፣ በውሰት። የኢትዮጵያ የራሷ የሆነችው በ1976 ተሽጣላት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወርደው ሞተዋል፤ የሰጠቻት አሜሪካም ልትኮራረፍ ትንሽ ነበር የቀራት። ያም ሆኖ በዚያ ዘመን የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ እርሷ ነበረች፤ ወጣት መኮንኖች ልምምድ የሚያደርጉት በእርሷ ላይ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴም ይሳፈሩባት ነበር። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት የጦር መርከቦች ለእንግድነት ይመጡ ነበር። በዚያ ዘመን በሌላ ቦታ ዓይን ለዓይን የማይተያዩት አሜሪካና ሶቪየት ምጽዋ ላይ ጎን ለጎን መልሕቅ ይጥሉ ነበር ማለት ነው።

የዚያ ዘመን የባሕር ኃይል ፊት የነበሩት ልዑል እስክንድር ደስታ ናቸው። የንጉሡ የልጅ ልጅ ነበሩ፤ እናታቸው ልዕልት ተናኘወርቅ፣ አባታቸው ራስ ደስታ ዳምጠው። ራስ ደስታ ጣሊያንን ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1937 ተይዘው ተገደሉ። እስክንድር ያን ጊዜ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ያደጉትና የተማሩት እንግሊዝ አገር ነው፤ ከዚያ ወደ ባሕር ኃይል ገቡ፣ እስከ ሪር አድሚራልነት ደረሱ። በ1974 አብዮቱ ሲመጣ ታሰሩ። ኅዳር 23 ቀን 1974 ሌሊት ደርግ ከረሸናቸው 60 ያህል ባለሥልጣናት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። አርባ ዓመታቸው ነበር። አባትም ልጅም በጥይት። ጥሩ አዛዥ ነበሩ፣ አልነበሩም የሚለውን ለመፍረድ እኔ አቅም የለኝም፤ ግን ያለ ፍርድ መገደላቸውን ማንም አይክድም።

ከዚያ ዘመኑ የሶቪየት ሆነ። ደርግ ከአሜሪካ ጋር ተጣልቶ ከሞስኮ ጋር ሲወዳጅ መርከቦቹም ተለወጡ። ሚሳይል የሚተኩሱ ጀልባዎች፣ ታንክ የሚያወርዱ መርከቦች፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሁለት ፍሪጌቶች ከሶቪየት መጡ። ሶቪየቶች ራሳቸው በዳህላክ ደሴቶች ኖክራ ላይ ሰፈር ሠሩ። ጦርነቱ ግን ባሕር ላይ ሳይሆን የብስ ላይ ነበር፤ ባሕር ኃይሉን ያስጨነቀውም ከጀርባው የመጣው ነው። በ1977 መጨረሻ ሻዕቢያ ምጽዋን ከበባት፤ ያን ጊዜ ከመርከቦች በተተኮሰ መድፍ ጭምር ከተማዋ ተረፈች። በየካቲት 1990 ግን አልተረፈችም። ሻዕቢያ "ፈንቅል" ባለው ዘመቻ ምጽዋን ያዘ። ባሕር ኃይሉ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱንና ብዙ ሰዎቹን ባንድ ሳምንት አጣ። የተረፉት መርከቦች ወደ አሰብ ወረዱ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ዓይነት ሰው ልናገር እፈልጋለሁ፤ መድፍ ስለማይተኩሰው። ወደብ ላይ ጎታች መርከብ የምትባል አለች፤ በዕብራይስጥ "ጎሬሬት" የምንላት። ትንሽ ናት፣ አጭርና ወፍራም፣ ዙሪያዋን የመኪና ጎማ የሚመስል ላስቲክ የታሰረባት። ትልቅ መርከብ ወደብ ሲገባ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ መሪው አይታዘዝም፣ ምክንያቱም መሪ የሚሠራው ውኃ በኃይል ሲያልፍበት ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ብረት ልክ መራመድ እንደማይችል ሽማግሌ ይሆናል። ያን ጊዜ ጎታቿ ትመጣለች፤ በገመድ ትስበዋለች ወይም በአፍንጫዋ ትገፋዋለች። አብዛኛው ሰውነቷ ሞተር ነው። ካፒቴኗ ነፋሱን፣ የውኃውን ሂደትና የወደቡን እያንዳንዱን ድንጋይ ማወቅ አለበት። ገመድ ከልክ በላይ ተወጥሮ ቢበጠስ ሰው ይገድላል። ትልቁ መርከብ ወደ ጎን ቢጎትታት ደግሞ እርሷው ትገለበጣለች።

በብዙ አገር ከባሕር ኃይል በጡረታ የወጣ ሰው ይሄን ሥራ ይይዛል። የባሕር ዕውቀት አለው፣ ቤቱም ወደብ ላይ ነው፣ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል። ለአንድ የባሕር ሰው ደኅና እርጅና ይሄ ነው። የኢትዮጵያ ባሕረኛ ግን እንዲህ ያለ እርጅና ከየት ያመጣል? ጎታች መርከብ ወደብ ይፈልጋል። ገበሬ መሬቱን ትቶ ሲሰደድ ሌላ መሬት ሊያርስ ይችላል፤ የአንድን ወደብ ድንጋይ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ግን ያ ዕውቀቱ ሌላ ቦታ ምንም አይሆንለትም።

አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን፣ በዚያው ቀይ ባሕር። የኢትዮጵያ መርከቦች ምጽዋ ላይ ሳሉ፣ ሱዳን ዳርቻ ላይ የእኛ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ያዩ ነበር። ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን አሩስ የሚባል ጣሊያኖች የሠሩት የመዝናኛ መንደር ነበረ። ሞሳድ ተከራየውና ፈረንጅ ቱሪስት የሚዋኝበት ሆቴል አስመሰለው። ከገዳሪፍ አካባቢ ካምፖች ቤተ እስራኤላውያን በጭነት መኪና ተጭነው፣ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዘው፣ ሌሊት ወደ ባሕሩ ዳር ይደርሳሉ። ከዚያ የሻየተት 13 ልጆች በላስቲክ ጀልባ ወደ "ባት ጋሊም" ያሻግሯቸዋል፤ ባት ጋሊም የእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ናት፣ ከሩቅ መብራቷን አጥፍታ የምትጠብቅ። የመጀመሪያው በኅዳር 1981 ነበር፣ ከ160 በላይ ሰዎች ወጡ። በመጋቢት 1982 ግን የሱዳን ወታደሮች ባሕሩ ዳር ላይ ደረሱባቸው፣ ተኩስም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የባሕሩ መንገድ ቀረና በአውሮፕላን ሆነ።

በሰፈራችን፣ እዚሁ አሚሻቭ፣ በዚያች መርከብ የመጡ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ያን ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። "ጨለማ ነው፤ ከፊታችን የሚያጉረመርም ነገር አለ። እኔ አውሬ መስሎኝ ነበር" አሉኝ። ጀልባዋ ላይ ሲወጡ እጃቸውን ውኃው ውስጥ ከተው ቀመሱት። "ውኃው ተበላሽቷል፣ አትጠጡ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ፤ ቀኖቹን ሳስተያይ ያገኘሁት ነገር ስለሆነ። ግንቦት 21 ቀን 1991 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ ሄደ። ግንቦት 24 ቀን ሻዕቢያ አሥመራ ገባ። በዚያው ቀን፣ ዓርብ፣ ዘመቻ ሰለሞን ተጀመረ፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል መጡ። እናቴ ከእነርሱ አንዷ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ግንባሯ ላይ ቁጥር ተለጥፎባት። በእነዚያው ሰዓቶች አሰብም ወደቀች። የባሕር ኃይሉ ሰዎች መሄድ በሚችሉት መርከብ ሁሉ ተጭነው ወደ የመንና ወደ ሳውዲ ዓረቢያ አመለጡ። "ኢትዮጵያ" የምትባለዋም መርከብ አርጅታ፣ ዝጋ፣ በዚያ ጉዞ ላይ ነበረች።

አንድ ቅዳሜና እሑድ እንኳ አይሞላም። እናቴ በአየር፣ እነርሱ በባሕር፣ ከአንዲት አገር። እናቴን የጠበቃት አገር ነበር። ልብስ፣ ካርታ የሚሰጥ ሰው፣ ሆቴል፣ ኡልፓን። ከዚያ በኋላ የመጣውን ችግር ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እርሱን ዛሬ አላነሳም። መርከበኞቹን ግን የጠበቃቸው ሰው አልነበረም። ከእነርሱ ብዙዎቹ የመን ውስጥ በስደተኛነት ለብዙ ዓመት ኖረዋል፤ የለበሱት የደንብ ልብስ ያለቀበት መንግሥት ነበር። ዜግነታቸው ኢትዮጵያዊ፣ ወደባቸው ደግሞ በ1993 የሌላ አገር ሆነ።

መርከቦቹስ? "ኢትዮጵያ" ከየመን አልወጣችም። በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ከጃፓን አውሮፕላን የተረፈች፣ የአቶም ቦምብ ያየች፣ ንጉሥ ያሳፈረች መርከብ በኪሎ ተሸጠች ማለት ነው። ሌሎቹ ወደ ጅቡቲ ሄዱ፣ እዚያም የወደብ ኪራይ የሚከፍልላቸው ጠፋ። ጅቡቲ ያዘቻቸውና በመስከረም 1996 በሐራጅ ሸጠቻቸው። የባሕር ኃይሉ ታሪክ በዚህ አበቃ። መርከብ የሌላቸው መኮንኖች አዲስ አበባ ላይ ከነመምሪያቸው ተበተኑ።

አንዲት ብቻ ተረፈች። GB-21 የምትባል ትንሽ የጥበቃ ጀልባ ናት፤ ተጭና ጣና ሐይቅ ገባች፣ የምድር ጦር ወታደሮች ይነዷት ጀመር። ጣና! አያቶቼ ከጎንደር ወጥተው ለገበያ ሲሄዱ ከሩቅ ያዩት የነበረው፣ ሰው ከደንገል በተሠራ ታንኳ የሚቀዝፍበት ሐይቅ። ይህን ለአባቴ ሳነብለት "እሷስ ቤቷ ገባች" አለ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነገሩ እንደገና ተነስቷል። በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር አቢይ አህመድ ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እንደገና እንደምታቋቁም ተናገሩ፤ በመጋቢት 2019 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት አዲስ አበባ ሲመጡ በዚህ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ባሕር ሳይኖር ባሕር ኃይል እንዴት ይሆናል የሚል ክርክር ብዙ ነው፤ ጎረቤት አገሮችንም ያሳስባል። እኔ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ያለው የባሕር ማሠልጠኛ ነው ደስ ያለኝ። ወጣቶችን በዓለም የንግድ መርከቦች ላይ እንዲሠሩ ያሠለጥናል። ወደብ ባይኖርም ሙያው ከሰው ጋር ይሄዳል።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ያን የባት ጋሊም አባት አሽዶድ ይዣቸው ሄድኩ። ከፔታህ ቲክቫ ባሕር ሩቅ አይደለም፤ እርሳቸው ግን ልጆቻቸው ካላወጧቸው አይሄዱም። ከወደቡ አጥር ውጪ፣ ሰው ዓሣ የሚያጠምድበት አካባቢ ቆመን፣ ኮንቴይነር እስከ ሰማይ የተደረደረበት መርከብ ሲገባ አየን። ከፊቱ አንዲት ጎታች፣ ከኋላው አንዲት። እኔ መሪው ለምን እንደማይታዘዝ፣ ገመዱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ያነበብኩትን ሁሉ እየነገርኳቸው ነው። እርሳቸው እጃቸውን ከግንባራቸው በላይ አድርገው ትንሿን ብቻ ይከተሏታል።

"ውስጧ ስንት ሰው አለ?" አሉኝ።

"ጥቂት ነው አባባ፤ ካፒቴኑና ሁለት ሦስት ሰው።"

"ያችኛዋም መብራት አልነበራትም" አሉ። የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። መርከቡ ጥጉን ይዞ እስኪታሰር ድረስ ቆምን፣ ከዚያ የአምስት ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጠን ተመለስን።